ወንድሜን ባሕር ዳር ያሳየሁበት ወረቀት

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «አክስቴ፣ የት የት ይወስዱኛል?» አለችኝ። እኔም ዕድሜዬን ረስቼ መዘርዘር ጀመርሁ፤ እንጦጦ፣ ሲኒማ፣ ፒያሳ ኬክ መብላት፣ ብስክሌት መከራየት። ብስክሌት የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ግን ንግግሬ ተቋረጠ። ልጅቱ የረሳሁት ነገር ያለ መስሏት ጠበቀችኝ። የረሳሁት ነገር ቢኖርማ ጥሩ ነበር። አባቷ በእሷ ዕድሜ ሳለ ከተማ ላሳየው ብዬ ወስጄው፣ በገዛ እጄ ለወታደር አስረክቤው ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። እሷ ይህን አታውቅም። እናንተ ቀድማችሁ ስሙት።

ዘመኑ የደርግ ነው። አገራችን ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል። አባታችን የደብሩ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እናቴ፣ እኔና ስማቸው የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ቀረን። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ባል አግብቼ፣ ባሉ አልሆን ብሎኝ ወደ እናቴ ቤት የተመለስሁ ሴት ነኝ። ወረታ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ የእጅ ጽሕፈቴም ያምራል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አያ ፈንቴ መዝገቡን ለእኔ ጣለብኝ። ደመወዝ የለውም። እኔ ግን ያን ትልቅ መዝገብ ታቅፌ በመንደሩ መሀል ሳልፍ የምኮራው ኩራት ለደመወዝተኛም ይበዛበት ነበር።

መሬት እንደገና ሲደለደል አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ በራሱ ስም ድርሻ ያገኛል ተባለ። ስማቸው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ግን ከእኔ አልፎ ሄዷል። ቤታችን አባወራ የለውም፤ የነበረን ማሳ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት ነው። ብዕሬን አነሣሁና «አሥራ ስምንት» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አላዘዘኝም። አያ ፈንቴ አነበበው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ «ቁመቱ ይበቃዋል» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ወንዙ ዳር ውኃ የማይደርስበት ሁለት ጥማድ ጥቁር አፈር አገኘን። እናቴ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ሳትበደር ክረምቱን ወጣች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ስማቸው አሥራ አምስት ሞላው፤ እውነተኛውን አሥራ አምስት ማለቴ ነው። ጎረምሳ ሆነ። ቀኑን ሙሉ አርሶ ሲገባ አይናገርም፣ ሲናገርም አይጣል ነው። ወረታ ከሚማሩ ልጆች የባሕር ዳርን ወሬ ሰምቶ ልቡ ሸፍቷል። እናቴ ልጅ ነህ፣ የትም አትሄድም ስትለው አንድ ቀን ሞፈሩን መሬት ላይ ጥሎ፣

«ለመሬቱ ሲሆን ትልቅ ሰው ነኝ፣ ለከተማው ሲሆን ልጅ ነኝ። አንዱን ምረጡ» አለን።

ሣቄ መጣ። ጤፉ ከተሰበሰበ በኋላ ለአንድ ቀን እወስደዋለሁ አልሁ። አይቶት ይውጣለት ብዬ ነው። ጥሎን እንዳይጠፋ ፈርቼም ነበር።

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ወረቀቱን የምጽፈው እኔው፣ ማኅተም የሚያደርገው አያ ፈንቴ። ስም፣ ማኅበር፣ ያገባ ያላገባ፣ ዕድሜ። ዕድሜው ከመዝገቡ ጋር መግጠም ስላለበት «ሃያ» ብዬ ጻፍሁ። ለስማቸው ሳሳየው ደስታው ወሰን አጣ፤ አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከተተው፤ መንገዱን ሁሉ በእጁ እየነካካ ነበር የሄደው። የአፈሳ ወሬ አልሰማሽም ወይ ብትሉኝ ሰምቻለሁ። የእኛ ወገን ኮታ በክረምት ሞልቷል ሲባል ሰምቼ ተኝቻለሁ።

ባሕር ዳርን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዘንባባዎቹ ሥር ስንደርስ ያ የሚያኮርፍ ልጅ ጠፋና የሰባት ዓመት ስማቸው መጣ። ብስክሌት በግማሽ ሰዓት ተከራየሁለት። ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ክርኑ ተላጠ። በሦስተኛው እኔ ነጠላዬን አገልድሜ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እየሮጥሁ ሳለ ለካ እጄ ኮርቻውን ለቆታል፤ ብቻውን ሄደ። ሰው ሁሉ እስኪያየን ጮህሁ። ከዚያ ሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ ዞርን። የደንገል ታንኳ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሞተሩ ሲነሣ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ቆይቶ አፍሮ ለቀቀኝ። ሻይ ጠጥተን ቦምቦሊኖ በላን። ፎቶ ቤትም ገባን። ፎቶ አንሺው ኮት አዋሰው፤ ኮቱን ለብሶ ደረቱን ሲነፋ እውነትም ሃያ ዓመት ይመስል ነበር። ፎቶውን በሳምንቱ ውሰዱ ተባልን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሲኒማ ቤቱ የሚከፈተው ማታ ነው፤ የእኛ አውቶቡስ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። ስማቸው በሩ ላይ ከተለጠፉት ሥዕሎች ፊት ቆመ። ፈረስ የሚጋልብ ሰው፣ የሚነድ ቤት፣ ጸጉሯ የተበተነ ሴት። እጁን ይዤ እስክጎትተው ድረስ አልተንቀሳቀሰም። በሌላ ጊዜ አልሁት። እሱም ሳያኮርፍ በሌላ ጊዜ አለ።

ወረታ ሊገባ ሲል አውቶቡሱ ኬላው ላይ ቆመ። ወንዶች ውረዱ ተባለ። እኔም አብሬ ወረድሁ። ወታደሩ ገና ጢሙን ያላበቀለ ነው፤ ስማቸው ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ በኩራት ሰጠው። አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሰጠው፤ ይህ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«ሃያ። ያላገባ» አለ ወታደሩ። «በዚህ በኩል ቁም።»

ልጅ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው ብዬ መሀላቸው ገባሁ። ወታደሩ አልተቆጣም። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር አድርጎ «ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዎ ብል ማን ጻፈው ይባላል። የማኅበር መዝገብ አጭበርብሮ መሬት መውሰድ በዚያ ዘመን ተራ ስርቆት አልነበረም፤ ጸረ አብዮት ያሰኛል። እኔ እታሰራለሁ፣ መሬቱ ይነጠቃል፣ እናቴ ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። አይ ብል ደግሞ ልጁ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የማስበው ቆሜ ነው፤ እነሱ ልጁን እየወሰዱት ነበር።

ያስገቧቸው ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ የነበረ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ እኔና ሌሎች ተከትለን የመጣን ሴቶች ወደ ግቢው ገባን። በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ቆይተን ልንወጣ ስንል ዘበኛው አይቻልም አለ። መኪናው ሰኞ መጥቶ እስኪጭናቸው ድረስ ወሬው ወደየመንደሩ እንዳይደርስና የቀሩት እንዳይሸሹ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ስምንት ሴቶች ነን፤ አንዷ የምታጠባ ናት። ወንዶቹ መጋዘን ውስጥ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ሁላችንም ታሰርን።

የመጋዘኑ ቆርቆሮ ከመሬቱ ጋር ሳይገጥም የቀረበት አንድ ስፍራ ነበር፤ እጅ ያሾልካል። ቅዳሜን ያሳለፍሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። ስማቸው ከውስጥ ጣቶቹን ያወጣልኛል፣ እኔ ከያዝሁት ዳቦ እቆርስለታለሁ፣ እሱ ለጎረቤቱ ያካፍላል። መጋዘኑ በፀሐይ ሲግል ትንፋሹ በቀዳዳው ይወጣል። እኔም ብሆን መላወሻ አልነበረኝም። ከአጥሩ እስከ መጋዘኑ አርባ ሁለት እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደቆጠርሁት አላውቅም። እያንዳንዷን እርምጃ ስረግጥ ያችን የጻፍኋትን ቃል አስባለሁ። ሰኞ እናገራለሁ እላለሁ። ወዲያው እናቴ ትታየኝና እተወዋለሁ።

በመጨረሻ ለራሱ ነገርሁት። በቀዳዳው በኩል፣ ሰኞ መቶ አለቃው ሲመጣ እውነቱን እናገራለሁ አልሁት።

«ምን ያደርጉሻል?»

«ምንም አያደርጉኝ።»

«መሬቱስ?»

ዳቦ ቆርሼ ዘረጋሁለት። እሱ ግን ጣቶቹን ወደ ውስጥ መለሳቸው።

ከሰዓት በኋላ ውስጥ አንድ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላው ተቆጣው፣ ድብድብ ሊነሣ ሆነ። ያን ጊዜ የስማቸው ድምፅ ተሰማኝ። ትናንት ባሕር ዳር እንደነበረ እየነገራቸው ነው። ብስክሌቱን፣ ጀልባውን፣ ቦምቦሊኖውን አወራ። እኔ የጮህሁትን ጩኸት ሳይቀር አስመስሎ ጮኸና አሳቃቸው። አንድ ቀጭን ድምፅ «ኧረ ቆይ፣ ሲሮጥ ምን ያቆመዋል?» ብሎ ጠየቀ። ስማቸው ስለ ፍሬኑ አስረዳው። ልጁ አልገባውም፤ ደግሞ ጠየቀ፣ ደግሞ አስረዳው። ከዚያ ሲኒማስ አሉት።

ያልገባንበትን ሲኒማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። ፈረሰኛው ሴትዮዋን ከሚነደው ቤት አወጣት፣ ጸጉሯ የተበተነው እሳቱን ስትሸሽ ነው፣ ፈረሱ ቆስሎ ነበር ግን ዳነ። ከሦስት ሥዕል ያን ሁሉ ታሪክ አወጣ። መጋዘኑ ጭጭ ብሎ ሰማው። ሴቶቹም ሥራ ፈትተው ወደ ቆርቆሮው ተጠጉ። እኔ ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ አሳርፌ ሣቅሁ፤ ሣቄ ወደ ለቅሶ ሲቀየር አላወቅሁም። ይህን ልጅ ነው በአንዲት ቃል የሸጥሁት አልሁ በልቤ።

እሑድ ለዘበኞቹ ውኃ የምታመላልስ አንዲት አሮጊት የእናቴን ስም ነግሬያት መልእክት ይዛልኝ ወጣች። ሰኞ ጠዋት ስንቅ የያዘ ይግባ ተብሎ በሩ ሲከፈት እናቴ ከቄስ ምናለ ጋር ገባች። ቄስ ምናለ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ደብሩን ከአባታችን ጋር ሲያገለግሉ ኖረው፣ አባታችን ካረፉ ወዲህ የያዙትም እሳቸው ናቸው። ከቁሐር ገና ሳይነጋ ተነሥተው በእግራቸው ነው የመጡት። መስቀላቸውን ከተሳለምሁ በኋላ እዚያው እንደተንበረከክሁ ሁሉን ነገርኋቸው። አልገረማቸውም።

«የጻፍሽውን አንቺው ተናገሪ፤ ስለ ዕድሜው ለመመስከር እኔ አለሁ» አሉኝ።

ዋርካው ሥር ጠረጴዛ ወጣ። መቶ አለቃው መሀል ተቀመጠ፤ የየማኅበሩ ሊቃነ መናብርት የራሳቸውን ሰው አረጋግጠው እንዲፈርሙ ተጠርተው በአግዳሚ ወንበር ተደርድረዋል። አያ ፈንቴ አለ። አጠገቡ የጎረቤት ማኅበር ሊቀ መንበር ተቀምጧል፤ አያ ፈንቴ ሴት ልጁን ለዚያ ሰው ወንድ ልጅ አጭቶ በጥር ሊድር ድግስ ጀምሯል፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። የስማቸው ተራ ደረሰ። ሦስት ቀን ያልታጠበ ፊቱን ሳይ ልቤ ተሰበረ።

«ዕድሜ?» አለው መቶ አለቃው።

ስማቸው ወደ እኔ አላየም። «ሃያ» አለ።

እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ የረዘመብኝ የለም። መንገድ ተከፈተልኝ። ዝም ብል እኔ አልታሰርም፣ መሬቱ አይነካም፤ ልጁ ራሱ ብሏል፤ ማን ይወቅሰኛል? ይህን አሰብሁ። ሳላስብ ቀረሁ ብዬ ብዋሽ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። አስቤ፣ ተመኝቼ፣ ከዚያ ነው የተነሣሁት።

«ሐሰቱን ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። መዝገቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ለመሬት ብዬ ነው የጨመርሁበት።»

መቶ አለቃው ሰለቸው። እህት ሁሉ እንደዚህ ነው የምትለው አለና ወደ አያ ፈንቴ ዞረ። አያ ፈንቴ ማኅተሙ የእሱ ነው፤ ወደ እኔ ሳያይ መዝገቡ ልክ ነው አለ። አለቀልን አልሁ። ያን ጊዜ ቄስ ምናለ በዝግታ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ መቶ አለቃውን እጅ ነሡና ወደ አያ ፈንቴ ዞሩ።

«አያ ፈንቴ፣ በጥር የምትድራት ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

አያ ፈንቴ ፊቱ ተለዋወጠ። አጠገቡ ያለው አማቹ ቀና ብሎ አየው። በእኛ አገር በዚያ ዘመን ሃያ ዓመት ሞልቷት ያላገባች ልጅ «ቆማ ቀረች» ትባላለች፤ ድግሱ በዚያው ይቀዘቅዛል።

«አሥራ አምስት ናት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቄስ ምናለ ራሳቸውን ነቀነቁና ለመቶ አለቃው አስረዱት። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የአያ ፈንቴን ልጅና ስማቸውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ውኃ ያጠመቋቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እሷ ትበልጠዋለች፤ በአርባ ቀን ብቻ።

«እሱ ሃያ ከሆነ እሷም ሃያ ናት። የአባቷን ቃል ግን አሁን ሰምተነዋል» አሉ።

ግቢው ሁሉ አያ ፈንቴን አየ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። መቶ አለቃው ከልጅ ዕድሜ ይልቅ በአማቶቹ ነገር የተዝናና ይመስል ነበር፤ ፈገግ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ስማቸው የሚለውን ስም ሰረዘው። ወዲያው ፈገግታው ጠፋና በብዕሩ ወደ እኔ ጠቆመ። «አንቺ ግን ትቆያለሽ» አለኝ።

ወረታ ሁለት ወር ታሰርሁ። መሬቱ ተነጠቀ። እናቴ ዓመት ሙሉ ብዕር የሚመስል ነገር በእጄ ባየች ቁጥር «ደግሞ ምን ልታመጪብን ነው» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። አያ ፈንቴ ሹመቱንም አላጣ፣ ልጁንም በጥር ዳረ። ስማቸው በየሳምንቱ ገበያ ቀን ከቁሐር በእግሩ ስንቅ ያመጣልኝ ነበር፤ የተጣላን ሰዎች ይመስል ብዙም አንነጋገርም ነበር። እኔ ስለዚያ «ሃያ» መጠየቅ ፈርቼ ነው።

የቀሩት ልጆች በዚያው ሰኞ ተጭነው ሄዱ። ብስክሌት ምን ያቆመዋል ብሎ የጠየቀው ልጅም ሄደ። ድምፁን እንጂ መልኩን አላየሁም፣ ስሙንም አልጠየቅሁም። ቄስ አልመጣለትም፤ እኩያው የሆነች የሹም ልጅም አልነበረችውም። የእኔ ወንድም በመትረፉ ደስ ባለኝ ቁጥር ያ ቀጭን ድምፅ ይመጣብኛል፤ ደስታዬን ሙሉ አድርጌው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ዕድሜ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ኋላ ሥራዬም ጽሕፈት ሆኖ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ባለጉዳይ እንኳ «ሁለት ዓመት ጨምሪልኝ፣ ምን ይጎዳል» ሲለኝ ምን እንደሚጎዳ ልነግረው እጀምርና እተወዋለሁ። ለእናንተ ግን የምለው ያንን ብቻ አይደለም። ልጅ ይዞ ከተማ መውጣትን ትንሽ ነገር አታድርጉት። እኛ ትልልቆቹ ግማሽ ቀን አባከንን፣ እግራችን ደከመ እንላለን። ልጁ ግን ያን ቀን የት እንደሚያስቀምጠው አናውቅም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ደርግ ወድቆ፣ ይለፍ ወረቀት ቀርቶ፣ ስማቸው እውነተኛ ሃያ ዓመቱን ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ አብረን ባሕር ዳር ሄድን። ፎቶ አንሺው አርጅቷል፤ ያልተወሰዱ ፎቶዎችን በካርቶን አስቀምጦ ነበርና ከውስጡ አገኘነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያን ቀን ሃያ የመሰለኝ ልጅ ለካ የሚያሳሳ ሕፃን ነው። ማታ ሲኒማ ገባን። ተራ እየጠበቅን ቆመን ሳለ ስንት ዓመት የያዝሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት። ያን ቀን ለምን ሃያ አልህ? አልፈራህም?

ፎቶውን እያየ ነበር። ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«ፈርቻለሁ እንጂ። ግን እኔኮ ከተማውን አይቸ ነበር፣ እትየ። እናታችን መሬቷን፣ አንቺም ነጻነትሽን ልታጡ ነው። እኔ እንኳ የድርሻየን አግኝቻለሁ ብየ ነው።»

ፊልሙ ተጀመረ። ፈረስ አልነበረበትም። እስኪያልቅ ድረስ እጁን እንደያዝሁት ተቀመጥሁ።